የሁሴን ጠርሙስ

ባለፈው ሳምንት ለስኳሬ ምርመራ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። አንዲት ልጅ እግር ነርስ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠችኝና «እማማ ዘይነባ፣ ሽንት ይዘው ይምጡ» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። ማንም አልተከተለኝም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ ባሌን ሦስት ጠዋት ቆሜ የጠበቅኩ ሴት ነኝ።

ነገሩ የሆነው ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ አሰላ ነው። ሁሴን እህል ነጋዴ ነበር፤ ስንዴና ገብስ ሊገዛ ዲክሲስና ጎበሳ ይመላለሳል። አንድ ክረምት፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ወቅት፣ ሽንቱ ያቃጥለው፣ ቶሎ ቶሎም ያስወጣው ጀመር። ቆይቶ ደም ታየበት። የሰፈራችን ድሬሰር ሳይመረምር «ጨብጥ ነው» አለና ፔኒሲሊን ወጋው። አልሻለውም፤ ደግሞ ወጋው። እኔም ጎበሳ ሴት አለችው ብዬ መኝታ ለየሁ። ያም አልበቃኝ ብሎ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ለሴቶቹ ሁሉ አወራሁ።

«ወላሂ ዘይነባ፣ ካንቺ ሌላ ሴት አላውቅም» ይለኛል።

«እንግዲያው ከገብሱ ነው የያዘህ?» እለዋለሁ።

ጎኑን ያመው ጀመር። ማርቃውን፣ ያንን የሚወደውን የገብስ ገንፎ፣ ቅቤው መሀሉ እንደሞላ ይተወዋል። ከሳ። ሆስፒታል የወሰድኩት ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ እንዲድን ብዬ አይደለም። ቃዲው ፊት አቅርቤ የምፋታበት ወረቀት ፈልጌ ነው።

ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው ዶክተር የጠዋት ሽንት በጠርሙስ አምጡ አለን። ሁሴን ማለዳ ብቻውን ወጥቶ ይዞ ተመለሰ። ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። ግን ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ደሙን አይቻለሁ።

«የማን ሽንት ነው?» አልኩት፣ እዚያው ሆስፒታሉ በር ላይ።

መሬት መሬቱን አየ። «የከማል» አለ። ከማል ታናሽ ወንድሙ ነው።

«ጥፋት ከሌለብህ ለምን?»

«ሁላችሁም ጨብጥ ጨብጥ ስትሉኝ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። ወረቀቱ እንዲያ ካለ ትሄጃለሽ።»

አላዘንኩለትም። ለዶክተሩ ማታለሉን ነገርኩት፤ እሱም የሦስት ቀን የጠዋት ሽንት አዘዘ። ሦስቱንም ጠዋት፣ የጭላሎ ተራራ ብርድ ጣቴን እያደነዘዘው፣ ጓሮ ቆሜ ጠበቅኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሚስት ነሽ ዘበኛ?»

«አትቀባጥር፣ ሙላ!»

ዶክተሩ ሲጠራን እንዲህ አለ፤ «ሽንቱን መግል ሞልቶታል። መግል የሚያመጡት የተለመዱት ጀርሞች ግን የሉም፤ የጨብጡም የለም። በልዩ ቀለም ስንፈልግ የቲቢ ጀርም አገኘን። ቲቢ ኩላሊቱ ውስጥ ገብቷል።»

«ቲቢ ያስላል፤ እሱ አይስልም» አልኩ። «ወንድ ለወንድ አትሸፋፈኑ! በዓይኔ አሳዩኝ።»

አልተቆጣም። ማይክሮስኮፑ ጋ ወስዶ አሳየኝ፤ እንደ ተቆራረጠ ቀይ ክር ያሉ ቀጫጭን ነገሮች አየሁ። «ከሳንባ በደም ተጉዞ ኩላሊት ይደርሳል፤ ዓመታት ተደብቆ ይቆያል። የሚያስል ሰው ጋር ኖሮ ያውቃል?»

አባቱ ዲክሲስ እያሳሉ ነው የሞቱት። ሁሴን ነበር ያስታመማቸው።

ለወራት በየቀኑ ስትሬፕቶማይሲን ተወጋ፤ ከመርፌው የተነሳ ጆሮው ይጮህበት ነበር። ኪኒኑን ግን ከዓመት በላይ ዋጠ። ሲውጥ አፉን አስከፍቼ አያለሁ፤ እሱን ማመን ገና አልለመድኩም ነበር።

ሽንቱ ሲጠራ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ያ ሁሉ ሰው በተሰለፈበት «ሁሴንን በድዬዋለሁ። በሽታው የኩላሊት ቲቢ ነው፤ ሴት የለችውም» አልኩ።

«ምን ገዝቶልሽ ነው?» አለች አንዷ። ዱቄቱ እስኪቦን ሳቁ።

ሁሴን ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረ፤ አራት ልጆች ወለድን። አምና በእርጅና ሲሞት፣ ለቅሶ ከመጡት አሮጊቶች አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ያ የጎበሳው በሽታ ነው የተነሳበት?» አለችኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ከቤቴ አስወጣት ነበር። ግን መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ያወራው ማን ነው? ቦታ ለቀቅኩላትና አጠገቤ ተቀመጠች።