መርዶውን የነገርኩት እኔ ነኝ

እህቴ ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሰበታ ውስጥ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ አረፈች። አጠገቧ ነበርኩ። ሰዓቱን ያየሁት አስቤበት አይደለም፤ ዘጋቢ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት የለመድኩት ነገር ነው።

ባለቤቷ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘና “ለእማዬ እስከ ጠዋት እንዳይነገራት” አለኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ የንስሐ አባት ቀድመው ይገባሉ፣ ሴቶች ከግራና ከቀኝ ይቀመጣሉ፤ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ እንዲኖር ነው። አጎቶቼ ከሱሉልታ ማልደው ሊመጡ ተስማሙ። የእኔ ድርሻ ቡራዩ ሄጄ ለእማዬ የንስሐ አባትና ለጎረቤቶች በጆሮ መንገር ብቻ ነበር። እናታችን ቤት እንዳልገባም አስጠንቅቀውኛል።

አሥር ሰዓት ግድም ሰፈር ስደርስ በአጥሩ ክፍተት እማዬን አየኋት። እህቴ ከክሊኒክ ስትወጣ የምትለብሰውን ነጠላ አጥባ ልታሰጣ ነበር። እያየሁ ማለፍ አቃተኝ። ገባሁ።

“መጣህ? እንዴት ዋለች? ሾርባውን ጠጣችልኝ?”

“ደህና ናት” ማለት ነበረብኝ። አልወጣልኝም።

“ሞታለች፣ እማዬ። ሰባት ሰዓት ላይ።”

ዜና በምናገርበት ድምፅ ነው ያልኩት። እናቴ አልጮኸችም። ከነነጠላው መሬት ላይ ወደቀች። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። እጄን አልዘረጋሁም። ጎረቤት የደረሰው ቆይታ ስትጮህ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ “ኦቦ” ብቻ እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ከዘራቸውን ይዘው ቀድመው ገቡ።

“አቲ፣ ማል ጎቴ? ምን አደረግክ? እኛ የት ሄደን ነው ብቻዋን የምትነግራት? ሬዲዮ ነህ እንዴ አንተ?”

“ይቅር ይበሉኝ፣ ኦቦ።”

“እኔን ምን ትለኛለህ! እሷን በላት።”

እሷን ግን “ይቅር በይኝ” ማለት አልቻልኩም። በማግስቱ እህቴን ገፈርሳ አጠገብ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ቀበርናት። እናቴ ሰልስት እስኪወጣ አላናገረችኝም፤ ወይም እኔ እሷ ከምታየኝ ቦታ አልተቀመጥኩም። ሁለተኛው ይመስለኛል። እህቴን ማጣቴ አንሶ፣ ለእናቴ በሕይወቷ ከሁሉ የከፋችውን ደቂቃ ያለ ደጋፊ እንድታሳልፍ አደረግኋት። ድንኳን ውስጥ ሰው “እግዚአብሔር ያጽናህ” ሲለኝ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

የሱሉልታ ዘመዶች በሄዱበት ጠዋት ከጓዳ ጠራችኝ። ለጸሎት ወደምትቆምበት ጥግ ፊቷን አዙራለች።

“ይቅር በይኝ” አልኳት። “ብቻሽን ነበርሽ።”

“አልነበርኩም።”

“እማዬ፣ እዚያው ነበርኩ እኮ። ማንም አልያዘሽም። እኔም አልያዝኩሽም።”

“አንተማ እንደ ግንድ ተገትረህ ነበር” አለች። “እሱ ግን ነበር። ልጄን አልመለሰልኝም፤ አልዋሽህም፣ ሆዴ አሁንም እሳት ነው። ስወድቅ ግን ይዞኛል።”

“እንዴት አወቅሽ?”

“አይ ጋዜጠኛ! ብቻዬን ብሆን ኖሮ ከዚያ መሬት የምነሳ ይመስልሃል?”

ሌላም ጥያቄ ነበረኝ። ተውኩት። አጠገቧ ቆምኩ፤ ጸሎቷን ድምፅ አውጥታ ጀመረች። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ነው። ጥቂት ተከተልኳት። እህቴ ካረፈች ወዲህ መጀመሪያ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። እናቴ ዞር ሳትል እጅጌዬን ያዘች።

ያየሁትም የሰማሁትም ነገር የለም። የሐዘኑም ክብደት አልቀነሰም፤ ዛሬም ያው ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር እዚያች ጠባብ ጓዳ ውስጥ ከእኛ ጋር ነበር፤ ይህን እንደ ግምት አልናገረውም። እናቴ ጸሎቷን እስከ መጨረሻው አደረሰች። እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ እሷም እጅጌዬን እንደያዘች እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ።