ሳንፋና የዛጎሉ ግማት

ሳንፋ ከማልዲቭ ደሴቶች ዋና ከተማ ከማሌ በስተደቡብ ርቃ ካለች፣ ምንጣፍ ከሚሠራባት ደሴት ተድራ ስትመጣ ስለ ባሏ አገር የነገራት ሰው አልነበረም። ጀልባዋ ገና ዳር ሳትደርስ ግማቱ ተቀበላት።

«ምን ሞቶ ነው?» አለች አፍንጫዋን ይዛ።

«ኧረ ምንም አልሞተ! ዛጎል ነው» አላት ባሏ ኢድሪስ። ለእሱ የሚሸት ነገር አልነበረም።

በዚያች ደሴት ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸው ዛጎል ነው። ባሕሩ ሲሸሽ እስከ ወገባቸው ገብተው፣ ድንጋይ ላይ የተለጠፈውን ትንሽ ቀንድ አውጣ ከነነፍሱ ይለቅማሉ። ሥጋውን የሚፈልገው የለም፤ የሚፈለገው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህለው ቢጫ ቅርፊቱ ነው። ስለዚህ አሸዋ ምሰው ይቀብሩትና ሥጋው በስብሶ ውሃ እስኪሆን ይጠብቃሉ። ከዚያ አውጥተው ያጥቡታል፤ መርከብ ጭኖ ከባሕር ማዶ ቤንጋል ይወስደዋል፤ የዚያ አገር ሰው ገበያ የሚወጣው እሱን እንደ ገንዘብ ይዞ ነው።

ሌላው ሰው ይለምደዋል ይባላል፤ ሳንፋ አልለመደችውም። ጉድጓዱ ሲከፈት ዝንቡ እንደ ጥቁር ጨርቅ ብድግ ይላል። ግራጫ ለሃጭ በጣቶቿ መሃል ይንሸራተታል፤ ትሉ ክንዷን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ማታ እጇን በአመድ ፈትጋ፣ በኮኮናት ዘይት አሽታ የዓሣ መረቁን ወደ አፏ ስታስጠጋ ያው ክርፋት ከጣቶቿ ይመጣል። ሳህኑን ትገፋዋለች።

የጉድጓዶቹ አዛዥ አማቷ፣ የኢድሪስ እናት ካምቡሎ ነበሩ። «አርግዛ ነው እንዳልል ሆዷ እንደ ጣውላ ነው!» ይሉና ሴቶቹን ያስቁባታል።

አንድ ዓመት መርከቡን ወደ ቤንጋል የሚነዳው ነፋስ ያለጊዜው ሊዞር ሆነ። መርከቡ ቸኮለ። የደሴቲቱ ሹም ገና በወጉ ያልበሰበሰው ጉድጓድ ይከፈት ብሎ አዘዘ።

«ጌታዬ፣ ግማሹ እኮ ገና ሥጋ ነው» አሉት ካምቡሎ።

«ታጥቦ ይጫን! የሚሸተው ለመርከበኛው እንጂ ለእኔ አይደል።»

ከመርከበኞቹ አንዱ ኢድሪስ ነበር። እዚያ ጭነት ላይ ተኝቶ ሊሄድ ነው።

በግማሽ የበሰበሰው ከሙሉው የባሰ ነበር። ሳንፋ አንዱን ስታራግፈው ዝቃጩ ተፈናጥሮ አፏ ውስጥ ገባ። ሆዷ ባዶ እስኪቀር አስመለሳት። ከዚያ ተነሳች፤ ቅርጫቱን እንዳለ ተሸከመች፤ ዝቃጩ በጀርባዋ እየወረደ ሹሙ ቤት ገባች። ሹሙ በረንዳው ላይ ሩዝ በዓሣ እየበላ ነበር። ቅርጫቱን ከሳህኑ አጠገብ ዘረገፈችው።

«ይኸው ታጥቧል! እስኪ እያሸተቱ ይብሉ!»

ትሎቹ ወደ ሩዙ መንፏቀቅ ጀመሩ። ሹሙ በሁለት እጁ አፉን አፈነ፤ አልሆነለትም። ጢሙ ላይ አስመለሰ።

አመሻሽ ላይ ኢድሪስን አስጠራው። «ወይ እሷን ትፈታለህ፣ ወይ ከመርከቡ ትወርዳለህ።»

ሳንፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ኢድሪስ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ፈትቻታለሁ» አለ። ያን ጊዜ ከጉድጓዱ ይልቅ እሱ ቀፈፋት።

ዕቃዋን ስትጠቀልል ካምቡሎ መጡ። ሊሰድቧት መስሏት አንገቷን ደፋች።

«ለምጄው ይመስልሻል?» አሉ አሮጊቷ። «አንድም ቀን አልለመድኩትም! አንቺ ስታስመልሺ እኔ ወደ ላይ ያለኝን እየዋጥኩ ነበር የምስቅብሽ። ያ ፈሪ ልጄ ከጭነቱ ጋር ይግማ! ነይ እንሂድ፣ እኔም መጣሁ።»

ሁለቱም ሳንፋ አገር ገብተው ምንጣፍ እየሠሩ ኖሩ። ኢድሪስ በደህና ተመልሶ ሌላ ማግባቱን ሰሙ። ግን የስንት ዘመን የዛጎል ግማት ካምቡሎ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ነበር፤ ሲያልባቸው ይነሳል። ሳንፋ ከልቧ ወደደቻቸው፤ አንድም ቀን ግን አብራቸው ከአንድ ሳህን አልበላችም። ታመው ሲተኙም ገላቸውን የምታጥባቸው እሷው ነበረች፣ ትንፋሿን ይዛ።