ውሃ ተሸክሞ ወደ ሐምበሪቾ

ሐምበሪቾ ተራራ ላይ የወጣሁት ለሽርሽር አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ እግሬን ሊፈትን ነው የወሰደኝ። ቤተሰቤ ደቡብ አፍሪካ ሊልከኝ አስቦ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነግጥም፤ ከየሰፈሩ የሄደ አለ። ወንድሜም ከእኔ በፊት ሞክሮ፣ መንገድ ላይ ተይዞ፣ ታስሮ ተመልሷል። ስለዚህ አባቴ፣ ወንድሜ ተራራ ላይ አውጥቶ እንዲያየኝ፣ ከቻልኩ እንድሄድ፣ ካልቻልኩ እንድቀር ወሰኑ። ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። በዚያ ሰሞን ምንም አይሰማኝም ነበር። ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፣ ሲሰጡኝ እበላለሁ።

ማለዳ በሚኒባስ ዱራሜ ገባን። ጎብኚዎች የሚወጡበትን ደረጃ ወንድሜ ዞር ብሎም አላየው። የእንሰት ጓሮዎቹ ከሚያልቁበት ጀምሮ፣ ሸንተረሩን ይዞ ወደ ጫካው የሚገባውን የእንጨት ለቃሚዎች መንገድ ያዝን። ጀርባዬ ላይ ውሃ የሞላ ባለ አስር ሊትር ጀሪካን በገመድ ታስሯል። ከዚያ ውሃ የምጠጣው ወንድሜ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ መስፈሪያውም የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ነበር።

«እዚያ በክዳን ነበር የሚሰፍሩልን» አለ። ከተመለሰ ወዲህ ስለዚያ መንገድ አንድ ነገር ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሣር ተሸክመው የሚወርዱ ሁለት ሴቶች አገኘን። ታላቅየዋ ጀሪካኑን አይታ ቆመች። ውሃ ከተራራ ሲወርድ እንጂ ወደ ተራራ ሲወጣ አይታ እንደማታውቅ ነገረችን። ወንድሜ ለስፖርት ነው አላት።

«ስፖርት ካማራችሁ ይኸው ሣሩ» አለች። ጓደኛዋ እስከ ታች ድረስ እየሳቀች ወረደች።

ሸንተረሩ እየቀጠነ ሄደ። አንዳንድ ቦታ ስፋቱ ከሁለት እርምጃ አይበልጥም፤ ለክቼዋለሁ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ጭጋግ። ከታች ቀይ የነበረው አፈር አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት በላይ ጥቁር ሆነ። ከአሮጌ ኮሶ ዛፎች እንደ ጢም የተንጠለጠለ የዛፍ ሽበት ፊቴን ይነካኛል። ከጫካው ውስጥ ጉሬዛ ጮኸ፣ ሌላው መለሰለት። ሰው ቆሞ የሚያደንቀው ነገር መሆኑን አውቅ ነበር። እኔ ግን እርምጃ እቆጥር ነበር፤ በየመቶው አንድ ጣት አጥፋለሁ። ትከሻዬ መላጡን ያወቅኩት ሸሚዜ ሲጣበቅበት ነው።

በመጨረሻው አቀበት ወንድሜ ወደ ኋላ ቀረ። ቆሜ ስጠብቀው፣ እንዳልቆም በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

«የሚቆም ይቀራል» አለ እያለከለከ።

ወጣሁ። ጫፉ ላይ ስደርስ የጠጣሁት አሥራ አንድ ክዳን ነበር። እሱ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረሰ። ጫማዬን አስወልቆ ተረከዜን፣ ጣቶቼን፣ በጣቶቼ መካከል ያለውን ቆዳ አገላብጦ አየ። ውሃ የቋጠረ ቦታ ነበር የሚፈልገው። አላገኘም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠና የጀሪካኑን አፍ ከፍቶ ውሃውን ሣሩ ላይ ደፋው። እስኪያልቅ ድረስ አዘቅዝቆ ያዘው። ቁልቁለቱን ወርደን በሚኒባስ ተመለስን።

ቤት ስንገባ አባቴ በራፉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ወንድሜ ሳይጠየቅ ተናገረ።

«አልቻለም። የተራራው ወገብ ላይ ስንደርስ ቁጭ አለ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። በቤታችን ሰው ቀን ወይም ቁጥር ሲሳሳት የማርመው እኔ ስለሆንኩ፣ ቃሌን ይጠብቁ ነበር። ወንድሜ መሬት መሬት ያያል። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«ጫፉ ድረስ ወጥቻለሁ» አልኩ። «እሱን በሩብ ሰዓት ቀድሜዋለሁ።»

ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ።

«መሄድ ግን አልፈልግም።»

ይህን እንደምናገር አላወቅኩም ነበር። አልተቆጣሁም፣ ድምፄም አልተለወጠም። እርምጃ እንደምቆጥረው አድርጌ ነው ያልኩት።



«ማን ፈልጎ ሄደ?» አሉ አባቴ።

«እኔ» አለ ወንድሜ። «እኔ ፈልጌ ነበር የሄድኩት፣ አባባ።»

አባቴ ተነሥተው ላሞቹን ሊያስገቡ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ደቡብ አፍሪካ ሊወስደኝ የነበረው ደላላ ሲደውል ስልኩን ያነሡት ራሳቸው ናቸው። እኔ በራፉ ላይ የጫማዬን ጭቃ በእንጨት እየፋቅኩ ነበር። እንደማልሄድ ነገሩት። ሰውየው ምክንያቱን ጠየቃቸው መሰለኝ።

«እግሩ አይችልም» አሉት።