መብላት የሌለበት ቼዝ

ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ካስወረዳት በኋላ ሦስተኛውን ስታረግዝ ከአልጋ እንዳትነሳ ሐኪም አዘዛት። ዲላ ቤታችን ተኝታ ትውላለች፤ እኔ ወናጎ አስተምሬ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ እመለሳለሁ። ስመለስ ቼዝ እንጫወታለን።

በሦስተኛው ቀን ፈረሷን በላሁባት። ከእጄ ተቀብላ ቦታው መለሰችውና፣ "ከዚህ ሰሌዳ ላይ ማንም አይወጣም" አለችኝ። ሕጉንም ያኔውኑ አወጣችው። መብላት የለም፤ መንገድ መዝጋት ብቻ ነው። ንጉሥ ቼክ ወደሚባልበት ቦታ አይገባም፤ ንጉሡን ቀድሞ ማዶ መጨረሻው ረድፍ ላይ ያደረሰ አሸነፈ። ሠላሳ ሁለቱም ጠጠሮች እዚያው ስለሚተሻሹ አንዱ ጨዋታ ሳምንት ይፈጃል። ባልደረቦቼ ቢያዩኝ ያላግጡብኝ ነበር። እኔ ግን የተቀበልኩት ፈርቼ ነው። ያን ሰሞን ስልኬ በጠራ ቁጥር ክፍል ጥዬ እወጣለሁ፤ ከሚኒባስ ወርጄም እስከ ቤታችን በር እሮጣለሁ።

ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የቡና ለቀማ ጊዜ ስለነበር ሚኒባሱ ሁሉ በለቃሚ ተሞልቶብኝ አንድ ምሽት ዘግይቼ ገባሁ። አልጋው ባዶ ነው። አንሶላው ላይ ደም አየሁ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። ጎረቤት ማንኳኳት ሲገባኝ ምን አደረግኩ? ጠጠሮቹን መቁጠር ጀመርኩ፤ ሁሉም ካሉ ልጁም አለ ብዬ። ሠላሳ አንድ። እንደገና ቆጠርኩ፤ ያው ሠላሳ አንድ። ሁሉንም ጠራርጌ አልጋው ላይ ደፋሁና አንድ በአንድ ለየሁ። የጎደለው የእሷ ነጭ ወታደር ነው። አልጋ ስር በሆዴ ተሳብኩ፤ የለም። ጎረቤታችን በባጃጅ ሆስፒታል አድርሳት እኔን ፍለጋ ስትመለስ እዚያው ስር ነው ያገኘችኝ።

ሆስፒታል ስደርስ አዋላጇ ባለቤቴ ሆድ ላይ መሣሪያ እያንቀሳቀሰች የልጁን የልብ ምት ትፈልጋለች። ምንም አይሰማም። ባለቤቴ ቀኝ እጇን ጨብጣለች፤ በሁለት እጄ ያዝኩት። መሣሪያው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ የልጁ ልብ ሲመታ ተሰማ፤ በጣም ይፈጥናል።

አዋላጇ፣ ባለቤቴ እስክትወልድ እዚሁ ተኝታ እንደምትቆይ ነግራን ወጣች። ባለቤቴ እጇን ስትዘረጋ ወታደሩ መዳፏ ላይ አለ። ተራዋን ልትጫወት ስታነሳው ነው ደሙ የመጣው፤ ሳትለቀው መጥታለች።

"ቦታው መልሰው" አለችኝ። "ንጉሤ ሁለት እርምጃ ነው የቀረው። ሌላውን እንዳትነካ።"

እሺ አልኳት። ሰሌዳው ላይ አንድም ጠጠር በቦታው እንዳልተውኩ የነገርኳት ከወለደች በኋላ ነው።