ከዋጋው ሰሌዳ የወጣው ማስታወቂያ

እስከ ዛሬ ከዋጋ ዝርዝር በቀር የጻፍኩት ነገር የለም። ትምህርቴንም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ይህን ግን ሳልጽፈው ብቀር የሚያመልጠኝ መሰለኝ።

የምሠራው ጭሮ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ስልክ መጠገኛ ነው። ባለቤቱ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ሰው፣ የጫትና የሽንኩርት ዋጋ በየቀኑ የሚወጣበት ድረ ገጽ አላቸው። ጠዋት ገበያ ወርጄ ዋጋ ጠይቄ የምሞላው እኔ ነኝ። ነጋዴዎቹ «ዛሬም ድምፅሽን ቤት ረስተሽ መጣሽ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። የዋጋው ሰሌዳ በፍሬም፣ ማለትም ገጽ ውስጥ እንደ መስኮት በሚከፈት ሌላ ገጽ ነው የተሠራው። ስለዚህ የጎረቤት ከተሞቹ የመሰላና የሚኤሶ ልጆች በየራሳቸው ገጽ ላይ ሰክተውታል። እኔ ጭሮ ላይ ቁጥር ስቀይር እዚያም ይቀየራል። ይህ ነገር እስካሁን ይደንቀኛል።

ጋሼ የጫት ነጋዴ ልጅ ናቸው። ነጋዴ ጆንያው ላይ የራሱን ቀለም ጨርቅ ያስራል፤ ጫቱ በሄደበት ሁሉ ስሙም ይሄዳል። በዚሁ ሐሳብ አንድ ድርጅት እየከፈለ የሚልክልንን ማስታወቂያ ፍሬሙ ውስጥ አስገቡት፣ ሰሌዳው በደረሰበት ሁሉ እንዲታይ።

አንድ ሰኞ ከዚሁ ድርጅት በእንግሊዝኛ መልእክት መጣ። ፍሬሙ ውስጥ ያለው ማስታወቂያ ደንብ ጥሷል፤ በሦስት ቀን ካልተስተካከለ ማስታወቂያው ይቋረጣል ይላል። የኢንተርኔቱ ወጪም የእኔም ደሞዝ የሚወጣው ከዚያው ነው። ጋሼ ተናደው፣ ፍሬሙን ለሌሎቹ እንዘጋለን፣ መሰላና ሚኤሶ የራሳቸውን ይፈልጉ አሉ። እኔ ግን የመሰላ ገበሬ ጫቱን ከመቁረጡ በፊት ዋጋችንን እንደሚያይ አውቃለሁ።

ሱቅ ውስጥ ሰው ሲበዛ ደንበኛን ተቀመጡ ማለት እንኳ ያሳፍረኛል። ያን ቀን ግን መልእክቱን በስልኬ አስተረጎምኩና ደጋግሜ አነበብኩት። ፍሬም ክልክል ነው አይልም። ማስታወቂያው ባልተመዘገበ፣ በሌላ ሰው ገጽ ላይ አይታይ ነው የሚለው። ተነስቼ ወደ ጋሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ማስታወቂያው እኮ የእኛ ጨርቅ አይደለም» አልኳቸው። «ባለቤቱ እርስዎ ቤት በአማና፣ በአደራ ያስቀመጠው የሰው ዕቃ ነው። ሳይነግሩት መሰላ ቢልኩበት ይቆጣል። ሰሌዳው ይሂድ፤ ማስታወቂያው ግን ከፍሬሙ ይውጣና እዚሁ ዋናው ገጽ ላይ ይቀመጥ።»

ጋሼ ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። የማስታወቂያውን ኮድ ከፍሬሙ ቆርጬ ዋናው ገጽ ላይ፣ ከሰሌዳው በታች ለጠፍኩት። የመሰላውን ገጽ ስከፍት ሰሌዳው ብቻውን ቁጭ ብሏል። ሳቄ መጣ። ለድርጅቱም ማስተካከላችንን አይተው እንዲመልሱልን ጻፍንላቸው።

ረቡዕ ከሰዓት መልሱ መጣ፦ ተስተካክሏል፣ ማስታወቂያው ይቀጥላል። ጋሼ ወዲያው መሰላ ላለው የገጹ ባለቤት ደውለው ሰሌዳው እንደማይዘጋ ተናገሩ። ሰውየው እንዴት አድርጋችሁ አስተካከላችሁት ብሎ ሲጠይቃቸው ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት። ሹልክ ብዬ ወደ ጓዳ ልገባ ስል አስቆሙኝ።

«የት ትሄጃለሽ? እኔ ልንገረው ብል ግማሹን አልችለውም። በይ፣ እንዴት እንደሠራሽው አስረጂው።»