አባቴ ከግንቡ የወረደ ዕለት

የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ በሰማሁ ቁጥር እግሬ ሳላዘው ይነሣል፤ ልጆቼ «እማዬ፣ ምን አንቀዠቀዠሽ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ የፊሽካውን ነገር የማውቀው እኔ ነኝ።

አባቴ ጎንደር ውስጥ የአንድ ደብር ቀኝ ጌታ ነበር። በማኅሌት ካህናቱ በሁለት ወገን ትይዩ ቆመው ሲዘምሩ ቀኙን የሚመራው እሱ፣ ግራውን የሚመሩት ጎረቤታችን ግራ ጌታው ነበሩ፤ ቀኙ ያነሣል፣ ግራው ይቀበላል፣ ግራው ሳይቀበል ቀኙ አያልፍም። ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት፣ በአንዱ ክረምት፣ አባቴ እንቅልፍ አጣ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ እሱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ፣ ምግቡን እየገፋ፣ ከማይታይ ሰው ጋር ሲከራከር ይውል ነበር። እናቴ ሰው «ትምህርት አዙሮት ነው» ብሎ ማዕረጉን እንዳይነጥቀው ፈርታ፣ በሩን ዘግታ «ብርድ መትቶት ነው በይ» ትለኝ ነበር፤ እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ብርድ፣ ብርድ እያልሁ ስዋሽ ከረምሁ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ይሻለዋል ብለን ነበር፤ ባሰበት። ጥቅምት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መቋሚያውን ይዞ ከቤታችን ጀርባ ካለው የፈረሰ ግንብ ጫፍ ወጣና ማዜም ጀመረ፤ ድንጋዩ ከእግሩ ሥር እየተፈረፈረ ይወርድ ነበር። እናቴ «ዝም በይ፣ ራሱ ይወርዳል» ብትለኝም አላስቀምጥ አለኝና አምልጬ ፖሊስ ጣቢያ ሮጥሁ፣ «አባቴ ሊወድቅ ነው፣ ብርድ አይደለም፣ አእምሮው ታሟል!» ብዬ ምስጢራችንን ዘረገፍሁት።

አስር አለቃው ከኔ ጋር እየሮጠ መጣና፣ አባቴ ደንግጦ እንዳይወድቅ ብሎ፣ ፊሽካውን ነፍቶ «ጸጥ በሉ! ትንፍሽ እንዳትሉ!» እያለ የተሰበሰበውን ጎረቤት ሁሉ ዝም አሰኘ። ወይ ጉድ! አባቴ ያነሣውን ጨርሶ ጆሮውን ያዘነብላል፣ መልስ ሲያጣ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ አንድ እርምጃም ወደ ጠርዙ ይጠጋል።

«ምነው ግራው ዝም አለ?» ብሎ ጮኸ።

ያን ጊዜ ግራ ጌታው፣ ሳል ያደቀቃቸው ሽማግሌ፣ የፖሊሱን ክንድ ይዘው «ልጄ፣ ፊሽካህን አስቀምጥ፤ የሚጠብቀው እኛን ነው» አሉትና ከግንቡ ሥር ቆመው ዜማውን ተቀበሉ። ከጎረቤቱ መሐል የነበሩት ካህናት ተከተሏቸው፣ ቃሉን የማናውቅ ሴቶችም አጨበጨብን። አባቴ ፊቱ ፈታ አለ። ግራ ጌታው እየዘመሩ ቀስ ብለው ወደ ግንቡ ደረጃ ፈቀቅ አሉ፤ ቀኝ ከግራ ትይዩ መቆም አለበትና አባቴም ሥፍራውን ሊይዝ እየዘመረ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ወረደ። አስር አለቃው ያወጣውን የእጅ ካቴና ኪሱ መልሶ ክንዱን ደገፈው። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታለቅስ ነበር።

በጋውን ጠበል ወሰድነው፣ ያለ ሰንሰለት፣ ጎረቤት በተራ እየያዘው። ዳነ አልልም፤ በሚቀጥለው ክረምት ሕመሙ ተመለሰ። በራችን ግን ክፍት ነበር፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ በግራው ሳይቀመጥ አይውልም ነበር። አስር አለቃውም ከሥራ ሲወጣ ቃሉን እያበላሸ ይቀበለው ነበር፤ አባቴም ከት ብሎ ይስቅበት ነበር።

ዛሬ ስልክ አለ፣ ሐኪምም አለ፣ እሰየው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ግቢያቸው ውስጥ ብቻዋን ስትጮህ የየቤቱ መስኮት ሲዘጋ ሰማሁ፤ የኔንም ራሴ ዘጋሁት። ከዚያ አላስቀምጥ አለኝ። ከፍቼ ወጣሁና «ምነው ልጄ፣ እየሰማሁሽ ነው» አልኋት።

ጩኸቷን አቁማ፣ ልክ እንደ አባቴ፣ ጆሮዋን አዘነበለች።