ለመሬት የተደረገ ዋግምት

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቴን እንደጨረስኩ ክረምቱን ወላጆቼ ጋር ላሳልፍ ወደ አሰብ ተመለስኩ። የአዲስ አበባ ከባድ መኪናዎች ገና ወደ ወደቡ የሚመላለሱበት ዘመን ነበር። አባቴ የሚያውቃቸው አንድ መሐንዲስ መዝጋቢ ይፈልጉ ስለነበር ሥራ አገኘሁ።

ከከተማው ዳር ባለ የነዳጅ ማከማቻ ውስጥ አንድ የተቀበረ ታንከር ለዓመታት ሲያፈስ ኖሮ አፈሩ ቤንዚን ጠጥቷል። ሙከራው ከአፈሩ ውስጥ የቤንዚኑን ትነት በሞተር መምጠጥ ነው። መሐል ላይ የተቀበረው ወፍራም ቱቦ ይመጥጣል፤ ዙሪያውን የተተከሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ስበቱ እስከ የት እንደደረሰ ያሳያሉ። የእኔ ድርሻ በየሩብ ሰዓቱ እየዞርኩ፣ በየቱቦው ጫፍ ላይ በተገጠመ ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ያለው፣ ስበት ሲደርሰው ከፍ የሚል ቀይ ውሃ ምን ያህል እንደወጣ መጻፍ ነበር።

የመጨረሻው ቱቦ ከአጥሩ ውጪ፣ ሾፌሮች በሚያርፉባት ሻይ ቤት ደጃፍ ነው የተተከለው። ስበቱ እዚያ ከደረሰ አፈሩ ባለበት ይጸዳል። ካልደረሰ በዶዘር ተቆፍሮ ይወጣል፤ ሻይ ቤቷም ትፈርሳለች። ባለቤቷ ከወሎ የመጡ ሴት ነበሩ፤ ይህን ያውቃሉ። ከሰል ማቀጣጠል ስለተከለከሉ ሻዩን ከቤታቸው በፔርሙዝ ያመጡ ነበር።

ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቅ አንድ ሾፌር ሥራችን ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አስረዳሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ወደ ረዳቱ ዞረ።

«መሬቱን ዋግምት እያገሙት ነው። ደሙ ቤንዚን ነውና አንተ ሲጋራህን አጥፋ!»

በመጀመሪያው ቀን እስከ ከሰዓት ድረስ በሻይ ቤቷ ቱቦ ውስጥ ውሃው አልተነቃነቀም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግን ከፍ አለ። ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። በማግስቱ ጠዋት መሐንዲሱ ራሳቸው መጥተው ሲያዩ ውሃው ወደ ቦታው ተመልሷል።

መዝገቤን ገለጡና «አይተሽ ነው የጻፍሽው ወይስ ተመኝተሽ?» አሉኝ።

«አይቼ ነው» አልኩ። ሻይ የምጠጣው እዚያ መሆኑን ያውቁ ስለነበር እንዳላመኑኝ ገባኝ።

ያን ቀን ከቱቦው አልራቅሁም። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ሴትዮዋ የብርጭቆ እጣቢያቸውን በጣሳ ይዘው ወጡና አቧራውን ለማብረድ ደጃፉን ረጩት። ጥቂት ቆይቶ ቀዩ ውሃ ከፍ አለ። የትናንቱም በዚህ የመጣ ነበር። ብናገር ቁጥሩ ሊሰረዝ፣ ሻይ ቤቷም ልትፈርስ ትችላለች። ከመሐንዲሱ በፊት ለሴትዮዋ ነገርኳቸው።

አልደነገጡም። «ታዲያ ዋግምት በደረቅ ቆዳ ላይ ይይዛል እንዴ?» አሉ። «አጋሚው መጀመሪያ ቆዳውን ያርሰዋል። በቀንዱ ሥር አየር ከገባ ምኑን ይስባል?»

ሄጄ ለመሐንዲሱ የእጣቢውንም የዋግምቱንም ነገርኳቸው። ዋግምቱ ላይ ሲደርስ ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ሞተሩ ከላይ በአሸዋው በኩል የሚገባውን አየር እየሳበ ስበቱ ሩቅ እንደማይደርስ፣ እጣቢው ግን አሸዋውን ለጊዜው እንደደፈነው አስረዱኝና «ሸራ ፈልጊ» አሉ።

ሾፌሩ መኪናው ባዶ ስለነበር የጭነት ሸራውን አዋሰን። ከመምጠጫው ቱቦ እስከ ሻይ ቤቷ ደጃፍ አንጥፈን ጠርዙን በአሸዋ ቀበርነው። በሦስተኛው ቀን ማንም እጣቢ ሳይደፋ ቀዩ ውሃ ከፍ አለ፤ እስከ ማታም አልወረደም።

«ከአኃዙ ጎን ‹ሸራ ተነጥፎ› ብለሽ ጻፊ» አሉ መሐንዲሱ። «ቁፋሮ አያስፈልግም። ሞተሩ እስካለ ድረስ ግን እሳት የለም።»

ሄጄ ለሴትዮዋ ነገርኳቸው። እስከ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ዓመት ሊሆን እንደሚችል ስነግራቸው ፔርሙዙን ከፍተው ለሾፌሩ ቀዱለት።

«ለብ ያለ ነው እኮ!» ብሎ አማረረ።

«ከበሽተኛ አጠገብ እሳት አይነድም» አሉት። «ዝም ብለህ ጠጣ።»